ሲሮጡ የሚይዝ፣ ሲያርፉ የሚለቅ የእግር ሕመም፦ ተረትና እውነታ

ሯጩን ልምምድ በጀመረ በታወቀ ደቂቃ ቅልጥሙን አጥብቆ የሚይዘው፣ ሲቆም ግን ብዙ ሳይቆይ የሚለቀው ሕመም ስንቱን ወጣት ከሚወደው ሙያ አሰናብቷል፤ ከሕመሙም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ልማዳዊ ግምት ሕሙማኑን በጊዜው ፈውስ ከመሻት መከልከሉ ነው።

ተረት፦ «የልምምድ ማነስ ነው፤ ወጌሻ ካሸው፣ ጽኑ ሯጭ ታግሦ ያልፈዋል።»

እውነታ፦ ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በአራት ክፍል ተመድበው፣ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ልብ በማይለጠጥ ጽኑ ሽፋን ተጠቅልሏል። በብርቱ ሥራ ጊዜ ጡንቻው በደም ተሞልቶ መጠኑ እስከ 20 በመቶ ሊጨምር ሲችል ሽፋኑ አብሮት ስለማይሰፋ፣ በውስጡ ግፊት ይነሣል፤ ቅልጥምም ይጠጥራል፣ አንዳንድ ጊዜም እግር ይደነዝዛል። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ቢሆንም ሽፋንን አያሰፋም።

ተረት፦ «ራጅ ከተነሣ ይታወቃል።»

እውነታ፦ ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። የዚህ ሕመም ዋና ምርመራ ግን ከሩጫ በፊትና በኋላ በመርፌ የጡንቻውን ግፊት መለካት ሲሆን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው መመዘኛ መሠረት በዕረፍት 15፣ ሩጫው ባበቃ በ1 ደቂቃ 30፣ በ5 ደቂቃ 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ መገኘቱ ምልክት ነው። ከጉልበት በስተኋላ ያለው የደም ሥር መታፈን ተመሳሳይ ሕመም ስለሚያመጣ፣ ሐኪሙ ሁለቱን መለየት ይገባዋል።

ተረት፦ «መድኃኒቱ እግርን በሰፊው መቅደድ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና መክፈት እስከ ዛሬ የታወቀው መንገድ ቢሆንም፣ አንዳንዱን ሯጭ የአሯሯጥ ስልቱን መለወጥ ብቻ ከቢላዋ ያድነዋል። ከዚህም በላይ፣ ሐኪሙ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ፣ ነርቩንና የደም ሥሩን በአልትራሳውንድ ምስል እየተመለከተ፣ በጠባብ ቀዳዳ ባስገባው ስለታም መሣሪያ ሽፋኑን ከቆዳ በታች የሚሰነጥቅበት አዲስ ጥበብ ተገኝቷል። ሆኖም ማስረጃው ገና ከጥቂት ሕሙማን የተገኘ በመሆኑ፣ ነርቭም ሊጎዳ፣ ሕመሙም ሊመለስ ስለሚችል፣ የቁስሉ ማነስ የባለሙያውን ብቃት ከመመርመር አያሰንፍ።

ተረት፦ «እግር ሲጠጥር ማረፍ ይበቃል።»

እውነታ፦ ዕረፍት የማያበርደው፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ሲሆን፣ ወይም የእግርን ጣት ማንሣት ሲያቅት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መገስገስ ግዴታ ነው፤ ደም የተነፈገ ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታልና።