በጨረታ ሳጥኑ ያልገባው ዋጋ

ሻሸመኔ አጠገብ ባለችው ኩየራ አንድ አናጺ ደጃፍ ላይ ሁለት የትምህርት ቤት ዴስኮች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። አንዱ የዝግባ ነው። ጠርዙ በእጅ ብዛት ተልጎ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል፤ ገበታው ላይ ስንት ዘመን የተማሩ ልጆች ስማቸውን በምላጭ ቀርጸውበታል። የጎደለው አንድ እግር ብቻ ነው። ሁለተኛው ከተገዛ ገና አራት ክረምቱ ነው። ቺፕውዱ ውሃ ጠጥቶ እንደተነከረ ዳቦ አብጧል፤ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ተላቆ ተንጠልጥሏል። አናጺው የመጀመሪያውን ሊጠግነው ነው። ሁለተኛውን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይሄማ ለማገዶም አይሆን፣ ሙጫው ይሸታል» አለኝ።

ሁለተኛውን ዴስክ የገዛው ክፍል ከሥርዓት ውጭ ያደረገው ነገር አይኖርም። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተጫራቾች ዋናውንና ኮፒውን በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባሉ፤ ሲፒኦ ያስይዛሉ፤ ሳጥኑ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። እኔም እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ፈርሜአለሁ። የሚያሳስበኝ ሳጥኑ ውስጥ ያልገባው ዋጋ ነው፤ ደኑ የከፈለው፣ ሐይቁ የከፈለው፣ እኛም ከአራት ክረምት በኋላ ደግመን የምንከፍለው። ከአዳማ እስከ ሐዋሳ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ መንግሥትና ኩባንያዎች ባለፉት ስድስት ሰባት አሥርት ዓመታት የገዙትንና የገነቡትን ወደኋላ ሄጄ ስመለከት፣ ገዢው የጠየቀውን ያህል ብቻ ሲያገኝ አያለሁ።

ከእንጨቱ ልጀምር። አሮጌው ዴስክ የተሠራበት ዝግባ እንደ ሙኔሳ ካሉ ደኖች የወጣ ነው። ሙኔሳ ከኩየራ በስተምሥራቅ በተራራው ወገብ ላይ ይታያል። ለአሥርት ዓመታት መሰንጠቂያዎች ትልልቁን ዛፍ መርጠው አወጡ፤ በፋንታውም የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ ተተከለ። ያ ጠንካራ ዴስክ እንግዲህ ንጹሕ አይደለም፤ ዕድሜው ረጅም የሆነው መቶ ዓመታት ካደገ ዛፍ ስለተቆረጠ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳናስታውስ «የድሮ ዕቃ» እያልን ማወደሱ ልክ አይመስለኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዝግባን፣ የሐበሻ ጥድን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ። በ1970 ዓ.ም. የተከፈተው የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ባለሙያ ሲያወጣ ቆየ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ተቋቁሞ የተከላ ደኑን ያስተዳድር ጀመር። ዛሬ በዓይን በሚታይ ርቀት ተተክሎ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና የሚተከል እንጨት አለን ማለት ነው። የፈረንጅ ጥድ ዝግባ ባይሆንም በወጉ ደርቆ ከተሠራ አራት ክረምት አያፈርሰውም።

ታዲያ ቢሮዎቻችን ስለምን ቺፕውድ ይገዛሉ? በወረቀት ላይ ሲታይ ስለሚረክስ ነው። የመወዳደሪያው ሠንጠረዥ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ ይላል፤ የስንት ዓመት ዕድሜ አይልም። በአምስት ዓመት ሁለት ጊዜ የሚገዛ ዴስክ በሠንጠረዡ ላይ ሁለት ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይመዘገባል። የፌዴራሉ የግዢ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለአገር ውስጥ ምርትና ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተለየ አስተያየት እንዲደረግ ፈቅዶ ነበር። የኩየራው አናጺ ግን የጨረታ ማስከበሪያውን ከየት ያመጣል? ዕቃውን አስረክቦ ክፍያው እስኪለቀቅ ወራት መጠበቅስ የሚችለው በምን አቅሙ ነው?

ከዴስኩ በታች ደግሞ ማገዶው አለ። የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታልና የማረሚያ ቤት ወጥ ቤቶች እንጀራ የሚጋግሩበት እንጨት በጨረታ የሚገዛ ነው፤ «የማገዶ እንጨት» ራሱን የቻለ ሎት ሆኖ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። እንጨቱ ደረቅ መሆኑ ይጠየቃል፤ ከማን ማሳ ወይም ከየትኛው ደን እንደተቆረጠ ሲጠየቅ አላየሁም። ከእኛ ሰሜን ያለችው አርሲ ነገሌ በአረቄ ንግድ የታወቀች ናት፤ የአረቄው እሳት ቀን ከሌት የሚነደው ከሙኔሳ በኩል በሴቶች ጀርባና በአህያ በሚወርድ እንጨት ነው። እነዚያን ሴቶች መውቀስ አይቀናኝም። በጀት ያለው፣ ጽሑፍ የሚያውቅ፣ ማኅተም ያለው ተቋም ያልጠየቀውን ጥያቄ አረቄ አውጪዋ ትጠይቅ ዘንድ መጠበቅ ግፍ ነው።

ግንባታው ሌላ ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም በአገር ቁሳቁስ በርካሽ መገንባትን ያጠና ነበር፤ ከዚያ የወጣውም የትምህርት ቤቶች ግንባታ ክፍል ወጥ ፕላን ይዞ ከሕዝብ መዋጮ ጋር በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይህ ሐሳብ የተረሳ ይመስላል። እንደገና ያየሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮንዶሚኒየም ነው። በጥቃቅን ማኅበራት የሚመረተው ብሎኬትና ቀድሞ የተሠራ ቢም ለወለል ሲውል የባሕር ዛፍ ድጋፉንም ብረቱንም ቀነሰ። ስለ ቤቶቹ ጥራት የሚነሣው ቅሬታ ብዙ ነው፤ ያም ሆኖ መንግሥት በብዛት ሲገዛ አንድን አሠራር ከምንም አንሥቶ የአገር ሙያ ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። ኮብልስቶንም እንዲሁ ነው። ከሐረርና ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት ወጣቱ በመዶሻ ጠርቦ የሸጠው ድንጋይ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል። አስፋልት እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ከተቆረጠ ጠባሳው ይኖራል።

ሸለቆው ለሲሚንቶ የሚያበረክተውን ጥቂት ሰው ያውቃል። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ እንደ ዱቄት የሚፈረፍር ነጭ ድንጋይ ይቆፈራል፤ ፑሚስ ነው፤ የጥንት እሳተ ገሞራ ትቶት የሄደ። ፋብሪካዎች ይህን ከክሊንከር ጋር ፈጭተው ፒፒሲ የምንለውን ሲሚንቶ ያወጣሉ። ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲጠበስ ነው፤ ከሲሚንቶ የሚወጣው ጋዝም አብዛኛው ከዚያ ምድጃ ነው። ፑሚስ በገባበት መጠን ምድጃው የሚፈጀው ይቀንሳል፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ብዙ ኮንትራክተር ለልስን ካልሆነ ፒፒሲ አይነካም፤ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ካልሆነ ይላል። ኦፒሲ ቶሎ ስለሚጠነክር ፎርምዎርኩን ቶሎ ይፈታበታል፤ ለሱ ጊዜ ገንዘብ ነው። ለመሠረትና ለግድግዳ ግን የሁለት ሦስት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃ ነበር፤ ይህን ትዕግሥት በውል ላይ ሊጽፍ የሚችለው ደግሞ አሠሪው ነው።

አሸዋው ልቤን ያደማል። የላንጋኖ አሸዋ፣ የሞጆ አሸዋ፣ የሶደሬ አሸዋ እያለ የአዲስ አበባ ግንበኛ በስም ይጠራዋል፤ ሲኖትራክ ሞልቶ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ተቆፍሯል። የመንግሥት ሕንፃ የሥራ ዝርዝር አሸዋው ንጹሕና ጭቃ የሌለበት እንዲሆን ያዛል። ከየት እንደተዛቀ ግን አሸዋው አይናገርም፤ መሐንዲሱም አይጠይቀውም።

ወደ ውሃው ስንመጣ ታሪኩ ከባድ ነው። አዋሽን ገድቦ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ደለል ሞላው፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ፍሳሽ ጨመሩበት። አብያታ ሐይቅ ላይ የሆነው ግን የባሰ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይጠጣል፤ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ለአብያታ ይሰጣል። ከላይ መስኖው በበዛ ቁጥር ወደታች የሚደርሰው አነሰ፤ ከታች ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተጀመረው የሶዳ አሽ ምርት የሐይቁን ውሃ እየሳበ በፀሐይ ያተን ጀመር። ሶዳ አሽ ለሳሙናና ለመስታወት ይፈለጋል፤ ከውጭ ከሚገባ እዚሁ ይመረት መባሉም በወቅቱ አሳማኝ ነበር። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ትልልቅ ነጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን ከአብያታ ያመጡ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ለአንድ ጉርሻ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። ዛሬ ከዋናው መንገድ ወርዶ የቀድሞውን ዳርቻ የሚረግጥ ሰው ውሃው ጋር ለመድረስ በነጭ አፈር ላይ ብዙ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ወጪ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በዚያው በዝዋይ ዳር ግን ገዢ ሲጠይቅ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአበባ እርሻዎች ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ላይ ሲስፋፉ የአውሮፓ ሱቆች «ኬሚካሉ የት ይሄዳል? ሠራተኛዋ ጓንት አላት?» ብለው ጠየቁ። አበባው ቶሎ የሚጠወልግ ዕቃ ነውና ሻጩ ይህን ጥያቄ ማሳደር አልቻለም። የሆርቲካልቸር አምራቾችና ላኪዎች ማኅበር ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ደረጃ ያለው የአሠራር ደንብ አወጣ፤ አንዳንድ እርሻዎችም ፍሳሹን በሣርና በደንገል አልጋ አሳልፈው የሚያጠሩበት ሰው ሠራሽ ረግረግ አበጁ። ሐይቁ ከጭንቀት ወጣ ማለቴ አይደለም፤ ከሐይቁ የሚሳበው ውሃ ዛሬም ብዙ ነው። ግን አንድ የሩቅ አገር ሱቅ በጥያቄ ብቻ ያስገኘውን ለውጥ የራሳችን ቢሮ በማኅተሙ ሊያስገኝ ይችል ነበር።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የዚሁ የገዢ ጥያቄ ልጅ ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍሳሹን አጥርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ማጣሪያ ቅንጦት አልነበረም። ማጣሪያውን በብርቱ የፈለጉት ደግሞ በስማቸው ላይ እድፍ እንዳይቀር የሚሰጉ የአሜሪካ ልብስ ገዢዎች ነበሩ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከእነሱ ዋነኛው ፒቪኤች ጥሎ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ታገደች። ገዢው ሲሄድ ጥያቄውም አብሮት እንዳይሄድ እሰጋለሁ። ማጣሪያው ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ይህን ወጪ ችሎ እንዲቀጥል የሚያስገድድ የቤት ገዢ ያስፈልገዋል።

ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘረጋው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ይህንኑ በአንድ መስመር ያሳያል። ሞጆ መቂ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ ዝዋይ በኮሪያ፣ ዝዋይ አርሲ ነገሌ በዓለም ባንክ፣ በእኛ በኩል የሚያልፈው አርሲ ነገሌ ሐዋሳ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር እንዲሠራ ተመደበ። አንድ መንገድ ነው፤ ስለ ካባው አዘጋግ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ተነሺው ገበሬ ገንዘብ ሰጪው የሚጠይቀው ግን ይለያያል። ገረጋንቲ የተዛቀበት ጉድጓድ ሥራው ሲያልቅ ተሞልቶ አፈር ይለብሳል ወይስ በክረምት ውሃ አቁሮ የልጆች መስጠሚያ ይሆናል? ይህ ከዋሽንግተን ወይም ከቤጂንግ መምጣት ያለበት ጥያቄ አይመስለኝም፤ የሻሸመኔ ወረዳ ጥያቄ ነው።

ኃይል ላይ የተሻለ ሄደናል። ከላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የእንፋሎት ማመንጫ ብዙም ሳይራመድ ቢቆምም፣ አዳማ ላይ በ2004 ዓ.ም. 51፣ በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ተተከለ፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል መንግሥት በአንድ ቃል ገበያውን አዞረው። ይህን ማድረግ ከቻለ የተቋማትን ወጥ ቤት ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ማዞር አያቅተውም።

ወደ ጨረታው ልመለስ፤ በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የግዢ አዋጅ ቁጥር 1333 የ649ን ቦታ ያዘ፤ የፌዴራል ግዢም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ሰሙና ኤንቨሎፑ ቀስ በቀስ ይቀራል። ሠንጠረዡ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን ያው ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ ብቻ ይዞ ከገባ የተለወጠው ሳጥኑ ነው። ሠንጠረዡ የማያየው ሌላም አለ፤ በኮሪደር ልማት አዳማም ሻሸመኔም አሮጌ ግንባታ ሲፈርስ በሩን፣ ቆርቆሮውን፣ ብረቱን ለይቶ ለአዲስ ሥራ የሚያውለው ቆራሌው ነው። እሱ ያለ አዋጅ የሚያደርገውን በማፍረሻ ውሉ ላይ የጻፈ ቢሮ ቢገኝ ደስታዬ ነበር።

ከአናጺው ጋር ስናወራ መሸ። ከሲጋራ ካርቶን ቀድዶ እርሳስ ሰጠኝና «አንተ ጽሑፉን ታውቀዋለህ፣ እኔ እንጨቱን አውቀዋለሁ፤ ጻፍ» አለኝ። እሱ እየነገረኝ እንዲህ ጻፍኩ፦ የተከላ የፈረንጅ ጥድ፣ ከየት እንደተቆረጠ ማስረጃ ያለው። ገበታው ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ በጥላ የደረቀ። መጋጠሚያው በሚስማር ሳይሆን ተቦርቡሮ የገባ። ሲሰበር በአካባቢው አናጺ የሚጠገን። ለአሥር ዓመት ዋስትና የሚሰጥበት። ክፍያው በተረከቡ በሠላሳ ቀን።

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ዝግባውን ዴስክ ገልብጦ አዲሱን እግር ይለካ ጀመር።