ያውቁ ኖሯል? የጠራ ውሃ ዓሣ ሲገድል

በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ከሚፈትኑት ነገሮች ዋነኛው ናይትራይት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቀለም የለውም፤ አይሸትም። ውሃው ኩልል ብሎ ጠርቶ ሳለ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይሻሉ።

የሚመነጨው ከዓሣው ራሱ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች በ1890 ገደማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር።

ሁለተኛው ባክቴሪያ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ሁለቱም እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ቅዝቃዜ ሲኖር ከዚያም ይረዝማል። ብዙ ሰው ግን ገንዳውን በገዛበት ዕለት በዓሣ ይሞላዋል። የዓሣዎቹ ሞት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጥድፊያ ይመጣል።

በናይትራይት የተመረዘ ዓሣ ደሙ ቡናማ እንደሚሆንስ? ናይትራይት ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ይለውጠዋል። ዓሣው በውሃ ውስጥ ኦክስጅን እያለ ይታፈናል። የጣናው አምባዛ ከውሃ ውጭም አየር መሳብ ይችላል፤ ነገር ግን ችግሩ ደሙ ውስጥ ስለሆነ ይህ ችሎታው ብቻውን አያድነውም።

በጎጃሟ ዱርቤቴ ከተማ ጉዳዩ ይከብዳል። በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ለቆላ አገር በተጻፈ መመሪያ ልክ ገንዳን በዓሣ ማጨናነቅ ለጎጃም ደጋ አይሆንም። የአየር ፓምፕም እዚህ ጌጥ አይደለም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ጨው የዓሣ ሕይወት እንደሚያተርፍ ያውቁ ኖሯል? ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም የሚገባው ክሎራይድ በሚገባበት በስንጥቡ መንገድ ነው። ጨው ክሎራይድ አለው፤ ክሎራይዱ ሲበዛ መንገዱን ይይዘዋል፣ ናይትራይቱም ውጭ ይቀራል። ለ100 ሊትር፣ ማለትም ለአምስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። አስቀድመው በጥቂት ውሃ ያሟሙት። ጨው ግን ናይትራይቱን ከገንዳው አያስወጣም፤ ጊዜ ይገዛልዎታል እንጂ።

የሚያስወጣው ውሃ መቀየር ነው። ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ቀድተው በአዲስ ይተኩ፤ እንደ አስፈላጊነቱም በማግስቱ ይድገሙት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ይቆይ። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ያቋርጡ፤ ጤነኛ ዓሣ በዚህ አይጎዳም።

ማጣሪያውን አጥቦ ማንጻት ችግሩን እንደሚያባብስስ? ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት ስፖንጁ ላይ ነው። በክሎሪን ውሃ ሲታጠብ ያልቃሉ። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በቀስታ ማለቅለቅ ይበቃል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋም በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ ስፖንጁን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ያኑሩት፤ ውሃውንም በየጊዜው በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱት።

ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ይለምኑት። የሳምንታት ጥበቃ ያሳጥርልዎታል።

ናይትራይት የሚያመጣው ይኸው የደም ሕመም ሕፃናትንም ይይዛል። ማዳበሪያ፣ ፍግ ወይም መጸዳጃ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሲሰርግ ናይትሬቱ ከፍ ይላል፤ በጨቅላ ሕፃን ሆድ ውስጥም ወደ ናይትራይት ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ናይትሬቱን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። የወተት ዱቄት በጉድጓድ ውሃ የምትበጠብጥ እናት ይህን ልታውቅ ይገባል።

የውሃ ተክል ናይትሮጅንን ይመጥጣል፤ ገንዳ ውስጥ ተክል ማኖር መልካም ነው። እምቦጭን ግን በፍጹም አይሞክሩት። ናይትሮጅንን ለመምጠጥ ብርቱ መሆኑ እውነት ነው፤ ጣናን ያስጨነቀውም በዚሁ ብርታቱ ነው።

ተስፋ ቆርጦ ዓሣውን ወንዝ ውስጥ የሚለቅም አይጠፋም፤ ይህ ግን ለአገሩ ዓሣ አደጋ ነው። በጣና 15 ያህል የትላልቅ ባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በክረምት ለመራባት ወደ ግልገል አባይ ይወጣሉ። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሣዎችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ፈጁት፤ በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የላናኦ 15 ዝርያዎች ከምድር እንደጠፉ ታወጀ። ስለዚህ የገንዳ ዓሣዎን ማሳደግ ካቃተዎ ለሌላ አሳዳጊ ይስጡት፤ ወደ ግልገል አባይም ሆነ ወደ ቆጋ ግድብ አይልቀቁት።