የማይሠራው አፕ፦ ትውውቅ ከፊግማ ጋር

ዲላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ተማሪ ስለ ፊግማ ብትጠይቁት «ዲዛይን ማሳመሪያ ነው» ይላችኋል። ላፕቶፑን ከፍቶ ጠርዛቸው የለሰለሰ ቁልፎች፣ ጥላ የጣሉ ሳጥኖችና የቀይ ቡና ፎቶ ያሳያችኋል። ዋሽቷል አልልም፤ ማሳመሩንም ያሳምራል። ማሳመሩን ግን ሌሎች ፕሮግራሞችም ያውቁበታል። ፊግማ ከእነሱ የሚለየው ገና ያልተሠራን ነገር እንደተሠራ አስመስሎ ሰው እጅ ላይ በማስቀመጡ ነው። ይህንንም ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፋይል ላይ፣ እየተያዩ እንዲያደርጉት ይፈቅዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የስልክ ስክሪን የሚያህል ፍሬም ትከፍታላችሁ፣ ቁልፍና ጽሑፍ ታስቀምጡበታላችሁ፣ አጠገቡ ሁለተኛ ፍሬም ትሠራላችሁ። ከዚያ ወደ ፕሮቶታይፕ ክፍሉ ገብታችሁ ከቁልፉ ቀስት ስባችሁ ሁለተኛው ፍሬም ላይ ትለቃላችሁ። ሊንኩን የላካችሁለት ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ ቁልፉን ሲነካ ሁለተኛው ስክሪን ይመጣለታል። ኮድ የሚባል ነገር የለበትም። የቀረውን ዩቲዩብ ያስተምራችኋል።

መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመሩት በአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁት ዲላን ፊልድ (ከከተማችን ጋር ዝምድና የለውም) እና ኢቫን ዋላስ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ዲዛይነሮች ይወዱት የነበረው ስኬች የተባለው ፕሮግራም ማክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ማክ ያለው ተማሪ ዲላ ላይ ስንት እንደሚገኝ እናንተው ገምቱ። ፊግማ ግን ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፤ በእጅ የገባ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም፣ ቀስ እያለ ቢሆንም፣ ይሠራል። እዚህ አገር ሙያው ለብዙ ወጣት የተከፈተው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፊግማ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ሲቀርብ ብዙ ሰው በአንድ ፋይል ላይ አብሮ መሥራት የሚችል ሆኖ መጣ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጠቋሚ ከነስሙ በሌላው ስክሪን ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አንዳንድ ዲዛይነሮች ሐሳቡን ሲሰሙ ተቆጥተው ነበር፤ የሙያው መጪ ዘመን ይህ ከሆነ ሥራ እቀይራለሁ ያለም አልጠፋም። ሰው ትከሻዬ ላይ ቆሞ እያየኝ እንዴት እሠራለሁ ነው ነገሩ። ሐሳቡ ራሱ ግን አዲስ አልነበረም። የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገው ዝነኛ ትዕይንት፣ ከአዳራሹ ርቆ ካለ የሥራ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ላይ በሁለት ጠቋሚ ሲሠራ ታይቷል።

«ሁለት ሰው አንድ ነገር ቢነካ ፋይሉ አይበላሽም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አይበላሽም። ኢቫን ዋላስ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳብራራው፣ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ነገር እያንዳንዱን ባሕርይ ለየብቻ ይይዛል። አንዱ የቁልፉን ቀለም፣ ሌላው ቦታውን በአንድ ቅጽበት ቢቀይሩ ሁለቱም ለውጦች ይጸናሉ። ሁለቱም ቀለሙን ቢቀይሩ ሰርቨሩ ዘንድ ዘግይቶ የደረሰው ያሸንፋል። ስለዚህ ሥራ ስትከፋፈሉ አንዱ የሌላው ፍሬም ውስጥ አይግባ፤ ተቃውሞ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉት። የባልደረባን ፍሬም ሳይጠይቁ «ላስተካክልልህ» እያሉ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ።

መብራትና ኔትወርክ ለሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ፋይሉ ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ ኔትወርክ ቢቋረጥም መሥራት ትችላላችሁ፤ ለውጡ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጥና ግንኙነቱ ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ያልተከፈተ ፋይል ግን ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ አይከፈትም። ስለዚህ ጠዋት ኔትወርክ ሲኖር የምትፈልጉትን ክፈቱ፤ ለውጡ ሳይላክ ደግሞ የብራውዘሩን ዳታ አታጽዱ። ኮምፒውተር ቤት ተከራይታችሁ የምትሠሩ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ባለቤቱ ማታ ማታ ማጽዳት ይወዳል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስለ ፊግማ ከሚነገረው ሁሉ የሚያናድደኝ ፕሮቶታይፕን፣ ማለትም በቀስት የተገናኙትን ስክሪኖች፣ እንደ ተጠናቀቀ አፕ መቁጠር ነው። ዲዛይነሩ ቢሮ ገብቶ ስልኩ ላይ ያሳያል። ኃላፊው ይነካል፣ ስክሪኑ ይቀየራል፣ ደስ ይለዋል። «እንግዲህ አልቋላ! ለሰኞ ጫኑልና!» ይላል። ዲዛይነሩም ደስታውን ላለማጥፋት ዝም ይላል፤ ከሁለቱ እኔ የምወቅሰው ይህን ዝምታ ነው። አፕ ማለት የሚታየው ስክሪን ብቻ የሚመስለው ሰው ጥፋቱ አለማወቅ ነው፤ እያወቀ ያላስረዳው ግን ወር ሳይሞላ «አልቆ የነበረውን ምን ነካው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ፕሮቶታይፕ ውስጡ ባዶ ነው። የተመዘገበ ሰው የለም፣ የተቀመጠ መረጃ የለም፣ ሒሳብ የሚሠራ ነገር የለም። ለምሳሌ በቡና መረከቢያ አፕ ላይ «ጠቅላላ 48 ኪሎ» የሚለውን ዲዛይነሩ ራሱ ጽፎታል፤ የቱንም ብትነኩ 48 ነው። እርግጥ ፊግማ እ.ኤ.አ. በ2023 ቫሪያብል የተባለውን የሚለዋወጥ እሴት መያዣና «ይህ ከሆነ ያ ይሁን» የሚሉ ትእዛዞችን ስለጨመረ ጥቂት መደመርና መቀነስ ይቻላል። ሆኖም በተለመደው ፕሮቶታይፕ የስም መጻፊያውን ሳጥን ነክታችሁ ስማችሁን ለመጻፍ ብትሞክሩ የምታዩት የኪቦርድ ሥዕል ነው።

እኔ ይህን ባዶነት ነው የምወድለት። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በመኪና ከመምታቱ በፊት በነጭ ክር ላላ አድርጎ ይሰፋና ያስለካል፤ ጠበበኝ ስትሉት ክሩን ይመዛል፣ ጨርቁ አልተጎዳም። ኮድ ከተጻፈ በኋላ ግን «የስም ሳጥኑ ከኪሎው በኋላ ይምጣ» ማለት የፕሮግራመሩን ሳምንት መብላት ነው። በፊግማ ቀስቱን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ነው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ያልተሠራን ነገር አስመስሎ የማስሞከሩ ዘዴ ከፊግማ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም ተመራማሪው ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ ሰው ሲናገር የሚጽፍ ማሽን ሰዎች ይጠቅመናል ይሉ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ማሽኑ ገና አልነበረም። ተናጋሪውን ስክሪን ፊት አስቀምጠው ሌላ ክፍል ውስጥ ታይፒስት ደበቁ፤ እሱ ይናገራል፣ ታይፒስቷ እየሰማች ትጽፋለች፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒውተር ፈጣሪ ጄፍ ሆኪንስም መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስላል። በዚህ መንገድ መጠኑ ኪስ ውስጥ ይመች እንደሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያወጣው አወቀ። እንጨቱ ምንም አይሠራም፤ ሆኪንስ የፈለገውን ግን ነግሮታል።

የኛን አካባቢ ምሳሌ ልስጣችሁ። የእሸት ቡና መረከቢያ አፕ የሚነድፉ ተማሪዎችን ተከትዬ ይርጋ ጨፌ አካባቢ ወደሚገኝ የቡና ማጠቢያ ሄጄ ነበር። ሥራው የታወቀ ነው፦ ገበሬው የለቀመውን ቀይ ቡና ወደ ማታ ይዞ ይመጣል፣ ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ካርኒ ላይ ይጻፋል፣ የካርኒው ግማሽ ለገበሬው ይሰጣል። ልጆቹ ካርኒውን በስልክ ሊተኩ ነው። ስክሪኖቹ ንጹሕ ነበሩ። የመጀመሪያው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የቡናውን ዓይነት፤ ሦስተኛው ኪሎ።

ስልኩን ለመዛኙ ሰጧቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሥራቸው የረጋ ሰው ናቸው። ጥቂት አዩትና «ልጄ፣ ኪሎው የታለ?» አሉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የገበሬው ስም ይሞላል» አለ ልጁ።

«ስሙን ምን ላደርገው? ጆንያው ሚዛን ላይ ነው ያለው። ኪሎውን ካልያዝኩት ይወርዳል። ሰውዬውን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

ከቢሮ የማይታየው ነገር ይህ ነው። ሚዛን ላይ ቀድሞ የሚጮኸው ቁጥሩ ነው፣ ስሙ ኋላ ይደርሳል። ሌላም ታየ። የመዛኙ ጣቶች በቡናው ጭማቂ የተለወሱ ስለሆኑ ትንንሾቹን ቁልፎች መንካት አቃታቸው። ሰዓቱም መሽቶ አምፖሉ ደካማ ስለነበር በነጭ ላይ በቀጭኑ የተጻፈው ግራጫ ፊደል ጨርሶ አልታየም። ልጆቹ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ላፕቶፕ ከፈቱ። አንዱ የፍሬሞቹን ቅደም ተከተል ሲገለብጥ ሌላዋ በዚያው ፋይል ቁልፎቹን ታሰፋ ነበር፤ ሁለት ጠቋሚ ጎን ለጎን ይሮጣል። መዛኙ የተስተካከለውን ሲያዩ አላመሰገኑም፤ ዝም ብለው «48» የሚለውን ነክተው «ይኼማ አይቀየርም» አሉ። ተማሪው ገና እንዳልተሠራ በግልጽ ነገራቸው፣ እሳቸውም ተረዱ። ከላይ ያልኩት ኃላፊ ያልተነገረው እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ያየኋቸው የጉብኝት አፕ ንድፎች የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ሁሉም የቱቱ ፈላን ወይም የጨልባ ቱቱቲን ትክል ድንጋዮች በትልቅ ፎቶ ያሳያሉ። «ከዲላ በምን እሄዳለሁ? ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይገባል?» ለሚል እንግዳ ግን የሚነካ ቁልፍ የላቸውም። አንድ እንግዳ ቢይዙና ቢያስነኩት ኖሮ በደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ስለ ፊደል ትንሽ ልቆጣ። አማርኛ የሚናገር ሰው ለሚጠቀምበት አፕ ንድፉን በትርጉም የለሽ የላቲን መሙያ ጽሑፍ የሚሞላ ዲዛይነር ሥራውን አልጀመረም። ፊግማ በራሱ የሚያቀርበው ኢንተር የተባለው ፎንት ፊደላችንን አያውቅም፤ ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ራሳችሁ ምረጡ፣ ሁለቱም እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ስላሉት መስመሩ ይተነፍሳል፤ የኛ ፊደል ግን አብዛኛው ቁመቱን ይዞ ስለሚቆም በተመሳሳይ መጠን ሲጻፍ ይጨናነቃል። በ12 መጠን ሸ እና ሽ፣ ጨ እና ጬ ለደካማ ዓይን አንድ ናቸው። መጠኑንም የመስመሩንም ርቀት ጨምሩ። ጌዴኦኛ ደግሞ በላቲን ስለሚጻፍና ፊደል ስለሚደርብ ቃሉ ይረዝማል፤ ለአማርኛ የተለካ ቁልፍ አይበቃውም። በዚህ ዞን የሚያገለግል አፕ የምትነድፉ ከሆነ ሁለቱንም ቋንቋዎች ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ። ቫሪያብሉ ጽሑፍንም ስለሚይዝ ስክሪኑን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማገላበጥ ይቻላል።

ስለ ገንዘቡ፦ የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2022 ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ የአውሮፓና የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ስላልወደዱት በታኅሣሥ 2023 ተወው፤ ለመቅረቱም 1 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ፊግማ እ.ኤ.አ. በ2025 አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ አወጣ። ለኛ የሚጠቅመው ዜና ግን ተማሪነቱን ያረጋገጠ ሰው በነጻ መጠቀሙ ነው። ከተመረቁ በኋላ በዶላር መክፈል ለከበዳቸው ስፔን ውስጥ የተሠራው ፔንፖት አለ፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ቢጭኑት ኢንተርኔት ሲጠፋም ተማሪዎች በግቢው ኔትወርክ አብረው መሥራት ይችላሉ። በቅልጥፍና ፊግማን አይደርስበትም፣ ለመማር ግን በቂ ነው።

የቡና አፕ እየነደፋችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ቡናው በብዛት መግባት የሚጀምረው ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ ነው። ያላችሁን ያልተጠናቀቀ ፕሮቶታይፕ ከዚያ በፊት ይዛችሁ ሂዱና አስነኩ፤ ወቅቱ ከገባ በኋላ መዛኝ እናንተን የሚያናግርበት ጊዜ የለውም።