ኮዴይን በኢትዮጵያ የተከለከለበት ምክንያት፦ የጉበት ማርከሻ ዘረመሎች አሠራር

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ለሕመም ወይም ለሳል ይሆናል ብሎ የሚይዘው እንክብልና ሽሮፕ በብዙ ቤት ይገኛል። በምሥራቅ ጎጃም በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ከዚህ ልማድ የራቁ አይደሉም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ኮዴይን የተባለ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ኮዴይን በበርካታ አገሮች የሚሸጥ ቢሆንም በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ጥቅም ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። ለክልከላው መነሻ የሆነው በኢትዮጵያውያን ዘንድ በብዛት የሚታይ የዘረመል ጠባይ ነው።

ማርከሻ ኢንዛይሞች ምንድን ናቸው?

የሰውም ሆነ የሌሎች አጥቢ እንስሳት ጉበት ከምግብ፣ ከጭስና ከመድኃኒት ወደ ሰውነት የሚገቡ ባዕድ ነገሮችን የሚያረክሱ ኢንዛይሞች አሉት። ከእነዚህ ዋነኞቹ ሳይቶክሮም ፒ 450 በመባል የሚታወቁት ሲሆኑ፣ በሰው ልጅ 57 ያህል ዘረመሎች ያስገኟቸዋል። ኢንዛይሞቹ ባዕዱን ነገር በመለወጥ በሽንት ወይም በሐሞት በኩል እንዲወገድ ያመቻቹታል።

ይሁንና አንዳንድ መድኃኒት ኃይሉን የሚያገኘው በጉበት ከተለወጠ በኋላ ነው። ኮዴይን ሕመምን የሚያስታግሰው በዋናነት ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ ዘረመሉ የሚገኘው በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ዘረመሎቹ እንዴት ይታዘዛሉ?

አብዛኞቹ ማርከሻ ዘረመሎች እንደ አስፈላጊነቱ የሚበረቱና የሚደክሙ ናቸው። በጉበት ሕዋስ ውስጥ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ባዕዱን ነገር ሲያገኙ የዘረመሉን መቆጣጠሪያ ክፍል ያነቃቁታል፤ ኢንዛይሙም በብዛት ይመረታል። ለምሳሌ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በዚህ መንገድ ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት የነቀርሳ ሕክምና ስትጀምር ለባለሙያው ማሳወቅ ያለባት ስለዚህ ነው።

ሲዋይፒ 2ዲ6 ግን በዚህ መንገድ የሚነቃቃ አይደለም። ስለሆነም የኢንዛይሙን መጠን በዋናነት የሚወስነው ሰው ከወላጆቹ የወረሰው የዘረመል ዓይነትና የቅጂ ብዛት ነው። በተለመደው ሁኔታ አንድ ሰው አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ አንድ ቅጂ ከእናቱ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ቅጂዎች ይኖሩታል። ኮዴይንንም ከሌላው ሰው ፈጥኖና አብዝቶ ወደ ሞርፊን ይለውጣል።

በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው ጥናት

ዶክተር እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 122 ጤናማ ኢትዮጵያውያንን መርምረዋል። ከእነዚህ 29 በመቶ የሚሆኑት ተጨማሪ የዘረመል ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ለልዩነቱ የቀረበው አንዱ መላምት በጥንት ዘመን መራራና መርዛማ እፅዋትን ለመመገብ የተገደዱ ሰዎች ተጨማሪው ቅጂ ሳይጠቅማቸው አልቀረም የሚል ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ተመሳሳይ ዘረመል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በአገር ውስጥ የሚኖሩት የኢንዛይማቸው ሥራ በስዊድን ከሚኖሩት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ይህም የአኗኗር ሁኔታ የኢንዛይሙን ሥራ ሊቀንስ እንደሚችል ያመለክታል። ጫት መቃምም ይህን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ማንም ሰው የራሱን ሁኔታ በግምት ሊያውቅ አይችልም። የዘረመል ምርመራም በጤና ጣቢያ ደረጃ የተለመደ አገልግሎት አይደለም። ክልከላው ግን ዜጋው ዘረመሉን ማወቅ ሳያስፈልገው ይጠብቀዋል።

አደጋው ምንድን ነው?

ለሌላው ሰው መጠነኛ የሆነ የኮዴይን መጠን ተጨማሪ ቅጂ ባለው ሰው ላይ ከፍተኛ የእንቅልፍ ስሜት፣ መደናገርና የአተነፋፈስ መዳከም ሊያስከትል ይችላል። አደጋው በሕፃናት ላይ የከፋ ነው። ሞርፊን በእናት ጡት ወተት ስለሚተላለፍ ለሚጠባ ሕፃንም ያሰጋል።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

• ከውጭ አገር የመጣን መድኃኒት ከመውሰድ በፊት ከነማሸጊያው ለጤና ጣቢያ ወይም ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ ማሳየት፤ የመድኃኒቱ ስም በውጭ ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ከሆነም በግምት አለመጠቀም።

• ለሕመም ወይም ለሳል ምትክ መድኃኒት በባለሙያ ማስመረጥ። ትራማዶል በዚሁ ኢንዛይም ስለሚለወጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመውሰድ።

• በሕክምና ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትንና ጫትን ጨምሮ፣ ሳይደብቁ መናገር።

• ኮዴይን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ከማቋረጡ በፊት ሐኪም ማማከር።

• መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ያልተለመደ ድካም ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ፣ ሕፃንም መጥባት አቅቶት ከፈዘዘ፣ ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም መሄድ። የጤና ባለሙያው ጉዳቱን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ መጠየቅም የተገልጋዩ መብት ነው፤ እንዲህ ያለው ሪፖርት ሌሎች ዜጎችን ከተመሳሳይ ጉዳት ለመጠበቅ ይረዳል።