ቀጥ ካለው ጉርድ ቀሚስ ከታች ወደሚሰፋው

ወገብ ላይ ልክ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ የሚወርድ ጉርድ ቀሚስ ለመስፋት አዲስ ፓተርን (የጨርቅ መቁረጫ የወረቀት ንድፍ) ማዘጋጀት አያስፈልግም። ለዚህ የሚሆነው ስፋት ቀጥ ባለው መሠረታዊ ፓተርን ውስጥ፣ ወገቡ ላይ ይገኛል።

ወገብ ከዳሌ ይጠባል። ልብስ ሰፊው ልዩነቱን በከፊል በጎን ስፌት፣ በከፊል ደግሞ ከወገብ ተነሥቶ ወደ ዳሌ እየቀጠነ በሚያልቅ ሾጣጣ እጥፋት ይቀንሰዋል። ይህ እጥፋት ወረቀቱ ላይ ሲዘጋ ታችኛው ጠርዝ ይከፈታል። የሥራው ምስጢር ይኸው ነው።

ዋናው ፓተርን እንዳይበላሽ በመጀመሪያ በሌላ ወረቀት ይገለበጣል። ከእጥፋቱ ጫፍ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮ ከታች ወደ ላይ ይቆረጣል። ከወገብ በኩልም የእጥፋቱ አንዱ ጎን እስከ ጫፉ ድረስ ይቆረጣል። ሁለቱ ቁርጦች ግን አይገናኙም፤ በመካከላቸው የምትቀረው ትንሽ ወረቀት እንደ በር ማጠፊያ ታገለግላለች። ከዚያ እጥፋቱ ተዘግቶ ይለጠፋል፤ በታች የተከፈተው ክፍተት ከሥሩ ወረቀት ይደረግለታል።

ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። የእጥፋቱ ስፋት 2.5፣ ርዝመቱ 10፣ የቀሚሱ ቁመት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከእጥፋቱ ጫፍ እስከ ታች 50 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ይህ የእጥፋቱን ርዝመት አምስት እጥፍ ስለሆነ ክፍተቱም የ2.5 አምስት እጥፍ፣ ማለትም 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አራት እጥፋት ያለው ጉርድ በጠቅላላው 50 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ያን ያህል ስፋት ያልፈለገ እጥፋቱን በከፊል ይዘጋል፤ የቀረውን እንደ ወትሮው ይሰፋዋል።

ብዙ ጀማሪዎች ጎኑን ብቻ ያሰፋሉ። ያን ጊዜ ጨርቁ በግራና በቀኝ ይከማቻል፤ ፊቱና ኋላው ግን ዝርግ ሆነው ይቀራሉ። ጎን ላይ የሚጨመረው እጥፋቱ ሲዘጋ ከተከፈተው ክፍተት ግማሽ ያህሉ ቢሆን ይበቃል። የኋላው እጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው ስለሚረዝም የሁለቱ ክፍተት ሊለያይ ይችላል። የጎን ስፌቱ እንዳይጣመም የፊቱና የኋላው ክፍተት እኩል መደረግ አለበት።

ታችኛው ጠርዝ አሁን ቀጥ ያለ አይደለም። ከወገብ እስከ ታች ያለው ቁመት በሁሉም ቦታ እኩል እንዲሆን እየተለካ በቅስት ይሰመራል። ጠርዙ ቅስት ስለሆነ ለቅምቅማት የሚተወው ጨርቅ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ ሰፊ ከሆነ ይጨማደዳል። ጎኑ በሰያፍ ስለሚቆረጥም ጨርቁ በክብደቱ ይለጠጣል። ስለዚህ የተሰፋው ቀሚስ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ካደረ በኋላ ጠርዙ ተስተካክሎ ይቀመቀም።

ፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ አውጪ ክርስቲያን ዲዮር በ1955 እ.ኤ.አ. የጸደይ ልብስ ስብስቡን «ኤ ላይን» ብሎ ሰይሞት ነበር። ይህ ስም ዛሬም በመጠኑ ወደ ታች ለሚሰፋ ጉርድ ያገለግላል።

ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፍዎ በፊት አዲሱን ፓተርን በአቡጀዲ ሰፍተው ይሞክሩት። እርማት ካለው እዚያው ላይ ያርሙት።