በሜታሊካ ላይ የቆየው የክህደት ክስ

ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1981 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከአርባ ዓመት በላይ በመድረክ ላይ ሲኖር፥ ከዕድሜው ጋራ አብሮ የሸመገለ አንድ ክስ እስከ ዛሬ ድረስ ይከተለዋል። ክሱም፥ በጥቂት ወጣቶች ዘንድ እንደ ምስጢር ይጠበቅ የነበረውን ፈጣንና ብርቱ ሙዚቃ ለብዙኃን ጆሮ እንዲመች አለዝቦ ለገበያ አቀረበ፥ ባልታወቀበት ዘመን የደገፉትንም ወዳጆቹን ካደ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ከሳሾቹ ክህደቱ በየትኛው ዓመት እንደ ተፈጸመ ሲጠየቁ፥ ነቢዩ ዳንኤል የዛፉን ዐይነት በመረመራቸው ጊዜ ቃላቸው እንደ ተለያየው እንደ ሶስና ከሳሾች፥ አንዱ 1984ን፥ ሌላው 1988ን፥ የሚበዙት 1991ን፥ የቀሩትም 1996ን ይጠራሉ። የምስክሮቹ ቃል መለያየት ግን ተከሳሹን ፈጽሞ ነጻ አያወጣውም፤ እኔ እንደማምነው ክሱ መሠረት የሚያገኝበት አንድ ዓመት አለ፥ እርሱም ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ ያ ኅቡእ የሙዚቃ ማኅበር እንዴት ያለ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ላርስ ኡልሪክ የታወቀው የዴንማርክ ቴኒስ ተጫዋች የቶርበን ኡልሪክ ልጅ ሲሆን፥ እርሱም በአባቱ ፍኖት ይሄዳል ተብሎ ከቤተሰቡ ጋራ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር እንደ አዲስ በተነሣው የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ተይዞ ነበርና፥ ራኬቱን ትቶ ከበሮ ላይ ተቀመጠ፥ በአንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣም አብረውት የሚጫወቱ ሰዎች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያውን አይቶ ከመጡት አንዱ ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ጄምስ ሄትፊልድ ነበር። በ1982 «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» ብለው የሰየሙትን፥ ሰባት ዘፈን የያዘውን የሙከራ ካሴት ሲቀዱ፥ ይህ ካሴት በሱቅ መደርደሪያ ላይ አልወጣም፤ ከአንዱ ወጣት ለሌላው እየተገለበጠ፥ በፖስታ እየተላከ፥ ባንዱ ራሱ ወዳልደረሰባቸው ከተሞች ቀድሞት ደረሰ እንጂ። የማኅበሩ ሥርዓት በጽሑፍ ያልሰፈረ ቢሆንም አባላቱ ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ካሴት የደረሰው ሰው በገንዘብ አይከፍልም፥ በእጁ ካለው ውስጥ ሌላውን ገልብጦ በምትኩ ይልካል።

ከእነዚህም ቅጂዎች አንዱ በኒው ጀርሲ የገበያ ዳስ ውስጥ ከባለቤቱ ከማርሻ ጋራ ሸክላ ይሸጥ ወደ ነበረው ወደ ጆን ዛዙላ ደረሰ። ዛዙላ የባንዱን ልጆች በ1983 ከካሊፎርኒያ አስጠራቸው፤ የታወቁት የሸክላ ኩባንያዎች አንቀበልም ባሉት ጊዜም ሜጋፎርስ የተባለውን ኩባንያ ራሱ አቋቁሞ፥ «ኪል ኤም ኦል» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አወጣላቸው። በዚሁ ጉዞ ጊታር ተጫዋቹ ዴቭ መስቴን ተባሮ ኪርክ ሃሜት በስፍራው ገባ፤ የተባረረውም ሰው ሜጋዴዝን መሥርቶ የራሱን ስም ያተረፈ ሲሆን፥ ቂሙ ለብዙ ዓመታት የሙዚቃ ጋዜጦች ቀለብ ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ የመጀመሪያው የክህደት ጩኸት የተሰማው ገና በሁለተኛው አልበም፥ በ1984 «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» በወጣ ጊዜ ነው። «ፌድ ቱ ብላክ» የተባለው ዘፈን በለስላሳ የጊታር ቅኝት የሚጀምርና ዝግ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ፥ ፍጥነትን እንደ ሃይማኖት ቀኖና ይቈጥሩ የነበሩት አድማጮች ኑፋቄ ገባ ብለው አጉረመረሙ። ባንዱ በዚያው ዓመት ኤሌክትራ ወደ ተባለው ትልቅ ኩባንያ በመዛወሩም ጥርጣሬያቸው ማስረጃ ያገኘ መሰላቸው። ዳሩ ግን በ1986 የወጣው «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» ራዲዮ ሳያጫውተው፥ አንድም የቪዲዮ ክሊፕ ሳይሠራለት፥ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከ500,000 ቅጂ በላይ ስለ ተሸጠ፥ ሕዝብን ወደ ራስ መሳብ እንጂ ወደ ሕዝብ መውረድ እንደማያስፈልግ የሚያሳይ ምስክር ተደርጎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ባንዱን ይዞ ይጓዝ የነበረው አውቶቡስ በስዊድን አገር ተገልብጦ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን በ24 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በርተን ለከሳሾች የማይሞት ምስክር ሆኗል፤ ባንዱ አንድ ነገር በለወጠ ቍጥር «እርሱ ቢኖር ባልፈቀደ» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን በርተን የባኽን ድርሰቶች የሚወድ፥ በባንዱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለዜማና ለኅብረ ድምፅ የሚያዘነብል ሰው እንደ ነበረ ይዘነጋሉ። ለለውጥ ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ሰው በለውጥ ላይ ምስክር ሆኖ መጠራቱ፥ ሙታን መልስ ስለማይሰጡ ብቻ የሚቻል ነገር ነው።

የ1988ቱን ሙግት በአጭሩ እናልፈዋለን። ባንዱ «ዋን» ለተባለው ዘፈን የመጀመሪያውን የቪዲዮ ክሊፕ ሠራ፤ ክሊፑ በጦርነት እጁን፥ እግሩን፥ ዐይኑንና አንደበቱን ያጣ ወታደር የሚያሳይ፥ ለደስታ ገበያ ፈጽሞ የማይስማማ ሥራ ሳለ፥ ክሊፕ መሆኑ ብቻ ለውግዘት በቃው።

ትልቁ ሙግት ያለው በ1991 ዓ.ም. በወጣው፥ በባንዱ ስም በተጠራውና በሽፋኑ ምክንያት ጥቁሩ አልበም በሚባለው ሥራ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው አልበም ዘፈኖቹ እስከ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚረዝሙ፥ ምታቸው በየጊዜው የሚለዋወጥ፥ የባሱም ድምፅ ከመታፈኑ የተነሣ ለመስማት የሚያስቸግር ነበር፤ ሙዚቀኞቹም ራሳቸው እነዚያን ረጃጅም ዘፈኖች በመድረክ ላይ ሲጫወቱ ሕዝቡ ሲሰለች ማየታቸውን በኋላ ተናግረዋል። ስለዚህ ሞትሊ ክሩን የመሰሉ ለራዲዮ የተመቹ ባንዶችን ሸክላ ያዘጋጀውን ቦብ ሮክን ጠሩ፤ እርሱም ለየብቻ ከመቅዳት ይልቅ በአንድ ክፍል አብረው እንዲጫወቱ፥ ባሱ እንዲሰማ፥ ሄትፊልድም ከመጮኽ ይልቅ እንዲዘፍን አደረገ። ሥራው በሎስ አንጀለስ ከ1990 መጸው እስከ 1991 በጋ ወራትን ፈጀ፤ ውጤቱም በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ራስ ላይ ተቀመጠ፥ ሽያጭ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መቈጠር ከተጀመረበት ከ1991 ወዲህም በዚያች አገር ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጥ ተወዳዳሪ አላገኘም።

ይህ አልበም ለሰለሰ የሚለውን ፍርድ ግን ጆሮዬ አይቀበለውም። «ሳድ ባት ትሩ» የተባለው ዘፈን ጊታሮቹ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወርደው የተቃኙበት፥ ከመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች ከማናቸውም ይልቅ የከበደ ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም። «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ» የፍቅር ዜማ መሆኑ እውነት ነው፤ ሄትፊልድም መጀመሪያ ለራሱ ብቻ የደረሰው ዘፈን ነበር፤ ነገር ግን ከሰባት ዓመት በፊት «ፌድ ቱ ብላክ»ን ለሰማ ሰው መንገዱ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። እንግዲህ በ1991 የሆነው ክህደት ከሆነ፥ በ1984 የተጀመረውን ፈጸመ ማለት ነው፥ ያን ጊዜ ደግሞ ከሳሾቹ ዛሬ የሚያመሰግኑትን አልበም አብረው ማውገዝ ይኖርባቸዋል። ስለ 1996ቱ የሙዚቀኞቹ የጠጕር መቈረጥና የዐይን ኩል ጕዳይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሶምሶን እንኳ ከጠጕሩ ጋራ ያጣው ኀይል በኋላ ተመልሶለታል።

የእኔ ዓመት 2000 ነው። ባንዱ «ሚሽን ኢምፖሲብል 2» ለተባለው ፊልም ያዘጋጀው ዘፈን ገና ሳያልቅ ናፕስተር በተባለው፥ ሰዎች በኮምፒውተር ሙዚቃ በነጻ በሚለዋወጡበት አገልግሎት ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ራዲዮ ጣቢያዎች ወጣ። በሚያዝያ ወር ባንዱ ናፕስተርን ከሰሰ፤ በግንቦትም ኡልሪክ ዘፈኖቻቸውን ያለ ፈቃድ የተለዋወጡ ከ300,000 በላይ ተጠቃሚዎችን የመለያ ስም በካርቶን አስጭኖ ለኩባንያው አስረከበ፤ በሐምሌ ደግሞ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። ሕጉ ከባንዱ ጋራ እንደ ነበረ አያከራክርም፤ በተከታዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ በናፕስተር ላይ ፈረደ፥ አገልግሎቱም ተዘጋ። ነገር ግን በዚያ ካርቶን ውስጥ የተዘረዘሩት ሰዎች ያደረጉት፥ በ1982 ያንን የሙከራ ካሴት ከአገር አገር ያሻገሩት ልጆች ካደረጉት የተለየ አልነበረም። ከ1984 ጀምሮ ሲከሰስ የኖረው የድምፅ ለውጥ ሲሆን፥ ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው ግን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ያ የልውውጥ ሥርዓት ነበር፤ ባንዱም የዚያን ሥርዓት ልጆች ስም ጽፎ አሳልፎ የሰጠው በዚህ ጊዜ ነው።

የኡልሪክ መልስ ዋጋ ቢስ አልነበረም። የካሴት ግልባጭ በተገለበጠ ቍጥር ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፥ ከሰው ወደ ሰውም በዝግታ ይተላለፋል፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ ግን ከመጀመሪያው ሳያንስ በአንድ ሌሊት ለሚሊዮኖች ይደርሳል። ባንዱም ተመልካቾች ኮንሰርቱን በመቅረጫ እንዲቀዱ ይፈቅድ ስለ ነበር፥ ልውውጥን ሁሉ ጠላ ሊባል አይችልም። ይህ ሁሉ በሕግ ሸንጎ ፊት የሚበቃ ክርክር ነው፤ የተቀየሙት ሰዎች የጠየቁት ግን የሕግ ጥያቄ ስላልነበረ፥ ተከራክሮ ማሸነፍ ቅሬታውን ከማባባስ በቀር አልጠቀመም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእርቅ ዓመታት ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም፥ ምንም እንኳ አንዳንዱ ሙከራ ባይሳካ። በ2003 የወጣው «ሴንት አንገር» የጊታር ነጠላ ጨዋታ የሌለበት፥ ከበሮው እንደ ቆርቆሮ የሚጮኽ፥ ሆን ተብሎ የሻከረ አልበም ነበር፤ ድሮ ከድህነት የመጣው ሻካራነት በትእዛዝ ሲመጣ ግን ማንንም አላረካም። የሠመረው ሌላ መንገድ ነው። ባንዱ ከ2004 ጀምሮ የየኮንሰርቱን ቅጂ ራሱ ለአድማጭ ማቅረብ ያዘ፤ በ2011 ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር በሳን ፍራንሲስኮ ባለ ትንሽ አዳራሽ ለአድናቂዎቹ ክበብ አባላት አራት ሌሊት ተጫወተ፥ በመጨረሻውም ሌሊት የተባረረው መስቴን መጥቶ ከቀድሞ ባልንጀሮቹ ጋራ የድሮዎቹን ዘፈኖች ተጫወተ፤ በ2012 ደግሞ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ የሥራዎቹን ባለቤትነት በእጁ አስገባ። በ2022 በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ምክንያት የሠላሳ ስድስት ዓመቱ «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ዋና የዘፈን ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ፥ አንዳንድ አሮጌ ምእመናን አዲሶቹን ልጆች በሩን ሊዘጉባቸው ቢቃጡም፥ ባንዱ በሩ ለሁሉ ክፍት መሆኑን በይፋ ተናግሯል።

በ2023 በሚያዝያ ከአምስተርዳም በተነሣው ታላቅ ጉዞ ደግሞ ሁለቱን ወገን የማስማማቱን ነገር በቀን መቍጠሪያ ፈቱት፤ በአብዛኞቹ ከተሞች ሁለት ሌሊት ይጫወቱ ነበር፥ በአንደኛው ሌሊት የተሰማ ዘፈንም በሁለተኛው አይደገምም ነበር። ስለዚህ የጥንቱንም የአዲሱንም ሳይቀር መስማት የሚሻ ሰው፥ ወዳጅም ይሁን ከሳሽ፥ ሁለቱንም ሌሊት መምጣት፥ የሁለቱንም ሌሊት ዋጋ መክፈል ነበረበት።