የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል የሚያበዛው በምንድን ነው?

ከቡሬ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መኪና ብዙም ሳይቆይ እንጅባራ ይደርሳል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በቆሎው ለገብስና ለድንች ቦታውን ይለቃል፤ በየመስኩ ፈረስ ይበዛል። በጥር 23 ቀን የደረሰ መንገደኛ ግን መኪናውን አቁሞ መጠበቅ ግድ ይለዋል። መንገዱ የፈረሰኛ ነው። በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ዘርፍ ያጌጡ ፈረሶች በቡድን በቡድን እየሆኑ ከየወረዳው ወደ ከተማው ይጎርፋሉ።

በዓሉ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2016 ዓ.ም. 84ኛ ዓመቱን አክብሯል። አባላቱም ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ በየዓመቱ በዜና ይነገራል። የፈረስ ግልቢያ ክለብ ላቋቁም ብሎ ሃያ ሰው መሰብሰብ ላቃተው ሰው ይህ ቁጥር ተረት ይመስለዋል። ስለዚህ እንዴት እንደተገኘ ማየቱ አይከፋም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓድዋ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ጥር 23ም የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። የጎጃም ጦርም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እየተመራ እዚያው ነበር። ማኅበሩ የሚያስበው ዘማቾቹን ብቻ ሳይሆን ያዘመታቸውንም ፈረስ ነው። የምሥረታው ዓመት ደግሞ ልብ ይሏል፤ በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም፤ ቡሬና እንጅባራ ላይም ምሽጉን ይዞ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን የዓድዋን ድል እናስብ ብሎ በፈረስ መሰባሰብ ጨዋታ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ጫራና መተከል ናቸው። በአፈ ታሪክ የሰባት ወንድማማቾች ዘር ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሰው ወደ ማኅበሩ የሚገባው እንደ እንግዳ ሳይሆን ወደ ዘመዶቹ እንደሚሄድ ሆኖ ነው።

በእኔ እምነት ግን የቁጥሩ ምስጢር ዘርም ታሪክም ብቻ አይደለም። የጥር 23ቱ ትዕይንት የአንድ ቀን ነው፤ የቀረው ዓመት በለቅሶ፣ በሰርግና በሽምግልና ያልፋል። ሙሽራ ሲሸኝ ፈረሰኛ ያጅበዋል፤ ሰው ሲሞት ፈረሰኛ ይወጣለታል። በደጋው አገር የቆየ ልማድ አለ፦ የሟቹ ፈረስ ኮርቻና ግላሱን ለብሶ፣ ጋላቢ ሳይኖርበት፣ በልጓሙ እየተሳበ በለቅሶተኛው መካከል ያልፋል። ያንን ያየ ጎረምሳ አባል ለመሆን ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የአባቱ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚወጣለት ያስባል። ማኅበሩ በአጭሩ ፈረስ የተጫነ እድር ነው ቢባል ነውር አይሆንም።

ሌላው ነገር፣ ማኅበሩ ግልቢያ ማስተማር አይጠበቅበትም። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ደጋ ፈረስ እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል፤ ጭነት ይይዛል፤ ገበያ ያደርሳል። ልጁ ፈረሱን ወንዝ አውርዶ ሲያጠጣ ያለኮርቻ፣ ጋማውን ይዞ መቀመጥ ይለምዳል። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ከያዘ ቆይቷል። የድሮው እርካብ ጠባብ ቀለበት ስለነበር ባዶ እግሩን የሆነ ጋላቢ የሚሰካበት አውራ ጣቱን ብቻ ነበር፤ በዚያች ጣት ተደግፎ ሽምጥ የሚጋልብ ሰው ጉግስ ሲጫወት ወደ ኋላው ዞሮ የተወረወረበትን ዱላ በጋሻ ይመክታል። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን ሥልጠና የሚማረው የለም።

አሁን ያለው ሥጋት የሚመጣውም ከዚሁ ከሥራው በኩል ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ግራር ብዙ መሬት ሸፍኗል። ገበሬው ገንዘብ አግኝቶበታልና አይወቀስም፤ ፈረስ ግን ከሰል አይበላም፤ ግጦሹ ሲጠብ ሁለት የነበረው ባለቤት አንዱን ይሸጣል። በዚያ ላይ ባጃጁ አለ። ፈረስ ከሥራ ከወጣ በዓመት አንድ ቀን ለማጌጥ ብቻ ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው ገበሬ ጥቂት ነው።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ተመሳሳይ ማኅበር ይቋቋም ቢባልስ? የእንጅባራውን ገልብጦ ማምጣት አያስኬድም። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ከ2000 በታች። ፈረስ ደጋ ይስማማዋል፤ ወደ ቆላው በወረዱ ቁጥር ሥራውን በቅሎና አህያ ይረከባሉ። በከተሞቹ ፈረስን በብዛት የሚያውቀው ባለጋሪው ነው። ክለብ የሚያቋቁም ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሰጋር ፈረስ ያለውን ባለሀብት ነው፤ ባለጋሪውን ፈረሰኛ ብሎ አይቆጥረውም። ትልቁ ስሕተት ይሄ ይመስለኛል። ፈረስ ሲያነክስ ከአረማመዱ፣ ሲታመም ከአመጋገቡ የሚለየው እሱ ነው።

ባለጋሪውን የሚያስጨንቀው ደግሞ ጉግስ አይደለም። ልጓሙ አፍ ይልጣል፤ ጭነቱ ጀርባና ደረት ያቆስላል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛ፣ በቁስል ገብቶ ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ አለ፤ ሲጠና ፈረሱ ተባሮ መንገድ ዳር ይቀራል። መዋጮ ሰብስቦ የእንስሳት ሐኪም የሚያስመጣ፣ ፈረስ የሞተበትን እንደ እድር የሚደግፍ ማኅበር ቢኖር ባለጋሪው ያለ ቅስቀሳ የሚመዘገብ ይመስለኛል። ከጋሪ የተፈታ ፈረስ ሁሉ ለጉግስ አይሆንም፤ የሚሆነውን የሚመርጡት ግን እነዚያው ባለጋሪዎች ናቸው።

ከእንጅባራው በዓል ለመካፈልም ቀኑ ይመቻል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ታቦቱን አጅቦ በየሜዳው ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ገና አልጠፋም። እስከ ጥር 23 ድረስ 12 ቀን አለ። ፈረሶቹን አሳርፎ፣ ኮቴያቸውን አስመርምሮ፣ ከቡሬ ቀስ እያሉ በሶምሶማ እንጅባራ ለመግባት ከበቂ በላይ ነው።